ፈረንሳይ ለትምህርት ስትደርሱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ የትኛው ወረቀት ይቅደም?

መቅደላ_ዘአዲስ
ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም ሊዮን ውስጥ ማስተርስ እጀምራለሁ። ቪዛው ወጥቷል፣ የክሩስ (የተማሪ መኖሪያና ምግብ ቤት የሚያስተዳድረው የመንግሥት ድርጅት) መኖሪያ ክፍልም ተፈቅዶልኛል። ግራ ያጋባኝ የወረቀቱ ቅደም ተከተል ነው። ባንኩ አድራሻ ይጠይቃል፣ ጤና መድኑ የባንክ ቁጥር ይጠይቃል፣ የቤት ድጎማው ደግሞ ሁሉንም ይጠይቃል። በየቱ ልጀምር? ከአዲስ አበባ ይዤ መምጣት ያለብኝስ ምንድን ነው?

የላዱዋ_ልጅ
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ነገሩ ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያው ቀለበት አድራሻ ነው፤ እሱ ሳይያዝ ሌላው አይንቀሳቀስም። አካሄዱ እንዲህ ነው።

ክፍሉን በተረከብሽበት ቀን ከመኖሪያው ቢሮ የነዋሪነት ማረጋገጫ ወረቀት ጠይቂ፤ "አቴስታሲዮን ደ ሬዚዳንስ" ይሉታል። ባንክም ሆነ ዩኒቨርሲቲ አድራሻሽን የሚቀበለው በዚህ ነው። በዚያው ሳምንት የቪዛ ማረጋገጫውን በኢንተርኔት ጨርሺ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፤ እሱ ሲያልቅ የትምህርት ማረጋገጫ ("ሴርቲፊካ ደ ስኮላሪቴ") ታገኛለሽ። ይህን ወረቀት ስልክሽ ላይ በፒዲኤፍ ያዢው፣ በየቢሮው ትጠየቂዋለሽ። ቀጥሎ ባንክ ነው፤ ሂሳቡ ሲከፈት "ሪብ" የሚባለውን፣ የሂሳብ ቁጥርሽ ያለበትን ወረቀት ይሰጡሻል። ጤና መድን ከዚያ በኋላ፣ የቤት ድጎማ መጨረሻ ላይ ይሆናል።

ከመነሳትሽ በፊት አዲስ አበባ ሆነሽ የምትጨርሺው አንድ ነገር አለ፤ የተማሪ ሕይወት መዋጮ ("ሴቬክ") ነው። ለ2025/26 የትምህርት ዘመን 105 ዩሮ ነበር፤ በየዓመቱ ትንሽ ይጨምራል። የሚከፈለው በኢንተርኔት ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ከሌለ ዩኒቨርሲቲው ምዝገባሽን አይዘጋም። በልውውጥ ፕሮግራም የሚመጣ ተማሪ ግን ይህን አይከፍልም።

ጋሼ_ሞንፔሊዬ
ልጄ፣ ቪዛውን አስቀድመሽ በደንብ አንብቢው። ሁለት ዓይነት ረጅም ቪዛ አለ። አንደኛው ራሱ እንደ መኖሪያ ፈቃድ የሚያገለግለው ነው፤ አብዛኛው ተማሪ የሚሰጠው ይህ ነው። አገር በገባሽ በ3 ወር ውስጥ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ አለብሽ። ሁለተኛው "ካርት ደ ሴዡር አ ሶሊሲቴ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። እሱ በኢንተርኔት አይረጋገጥም፤ በ2 ወር ውስጥ የመኖሪያ ካርድ ማመልከቻ ማስገባት ግድ ነው። ሁለቱን አምታትተው 3 ወር አለኝ ብለው የሚቀመጡ አሉ፤ ስህተቱን ማረም በጣም አድካሚ ነው።

ለማረጋገጡ የሚያስፈልገው ቪዛው ላይ ያለው ቁጥርና ቀን፣ የገባሽበት ቀን፣ የፈረንሳይ አድራሻ፣ ኢሜይል እና የኤሌክትሮኒክ ቴምብር መግዣ የባንክ ካርድ ነው። የፈረንሳይ ካርድ መሆን የለበትም፤ ካርድ ከሌለሽ ቴምብሩን ትምባሆ ከሚሸጡ ሱቆች ("ታባ") በጥሬ ገንዘብ መግዛት ይቻላል። ሲያልቅ የሚወጣውን ማረጋገጫ አትመሽ ከፓስፖርቱ ጋር አኑሪው። 3 ወሩ ካለፈ ቆይታሽ ሕጋዊነቱን ያጣል፣ ለገና አገር ቤት ደርሰሽ ልመለስ ብትዪም ድንበር ላይ ትቆሚያለሽ።

የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀትሽን አትጣይ። በፍራንክፈርት ወይም በቪየና በኩል ከመጣሽ ማኅተሙ የሚመታው እዚያ ነው፤ ፈረንሳይ የገባሽበትን ቀን የሚያስረዳው ያ ወረቀት ነው።

ትርሲት_ሬን
ከአዲስ አበባ ይዘሽ ስለምትመጪው፦ ከሁሉ በላይ የልደት ምስክር ወረቀት። ጤና መድኑ ላይ የሀበሻ ተማሪ ፋይል ለወራት የሚንጠለጠለው በዚህ ነው። ሁለት ነገር አስተውዪ።

መጀመሪያ ስሙን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፓስፖርቱ ግን ስሙን በሁለት መስመር ይከፍለዋል። የፈረንሳይ ቅጽ "ኖም" ሲል በፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም መስመር ላይ ያለውን፣ "ፕሬኖም" ሲል የቀረውን ብቻ፣ ፊደል በፊደል ጻፊ። ተክለ ማርያም በአንዱ ተለያይቶ በሌላው ተገጥሞ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራችኋል። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ስሙን አገላብጦ ከያዘው የተማሪ ካርዱ ሳይታተም በፊት የ"ስኮላሪቴ" (የተማሪዎች ምዝገባ) ቢሮው እንዲያስተካክል አድርጊ።

ሁለተኛው ልደት ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። መስከረም 1 ቀን 1996 የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ነው። ፓስፖርቱ 12 ብሎ ምስክር ወረቀቱ 11 ካለ ለፈረንሳይ መሥሪያ ቤት የተለያየ ልደት ነው። ይህን ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄዶ ማስተካከል የሚቻለው አገር ቤት እያለሽ ነው፤ እዚህ ሆኖ በውክልና ማስጨረስ ወራት ይወስዳል።

ሰነዶቹን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጠሽ ነይ። ወደ ፈረንሳይኛ ማስተርጎሙን ግን እዚህ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ብታደርጊው ይሻላል፤ የተርጓሚዎቹ ዝርዝር በይግባኝ ፍርድ ቤቶች ይገኛል። የሌላ ሰው ትርጉም ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

መቅደላ_ዘአዲስ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ትርሲትዬ፣ ልደቴን አሁኑኑ አየሁት፣ ደግነቱ ይገጥማል። ባንኩስ? የውጭ ተማሪ አንቀበልም ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ነጋሪት_ሊል
ቅርንጫፉ ሊከለክልሽ ይችላል፣ መብቱ ነው። አንቺ ደግሞ ሌላ መብት አለሽ። ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖር ሂሳብ የሌለው ሰው ሁሉ ሂሳብ የማግኘት መብት አለው፤ "ድሯ ኦ ኮምት" ይባላል። ከከለከለሽ ባንክ የእምቢታ ደብዳቤ ተቀበዪ፤ ያለዚህ ደብዳቤ ወንበሩን አትልቀቂ። ደብዳቤውን፣ ፓስፖርትሽንና የአድራሻ ማረጋገጫውን ለፈረንሳይ ማዕከላዊ ባንክ፣ ለባንክ ደ ፍራንስ፣ ታስገቢያለሽ፤ ፋይሉ ከተሟላ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ባንክ ይመድብልሻል፤ የተመደበው ባንክ መሠረታዊ አገልግሎቱን በነፃ ይሰጣል።

በስልክ ብቻ የሚሠሩት ባንኮች ፈጣን ናቸው፤ የሚሰጡት ቁጥር ግን የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። በሕጉ የትኛውም የዩሮ ክልል ቁጥር እኩል ነው፣ እምቢ ማለት አይቻልም፤ በተግባር ግን አከራዩም የስልክ ድርጅቱም ያጉረመርማሉ። በፈረንሳይ መለያ ፊደላት (FR) የሚጀምር ባለ 27 ምልክት ቁጥር ካገኘሽ ክርክሩ ይቀርልሻል።

የባንክ ካርዱና የምስጢር ቁጥሩ በሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ነው የሚመጡት። ስለዚህ ክፍሉን በያዝሽ ቀን ስምሽን በፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፊ፣ በፓስፖርቱ እንዳለው። ስም የሌለበት ሳጥን ከሆነ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይመልሰዋል። ካርድ ጠፋ፣ የጤና መድን አልመለሰልኝም የሚባለው አቤቱታ ብዙው ምንጩ ይህች ትንሽ ወረቀት ናት። በፊርማ የሚሰጥ ደብዳቤ ከሆነ ፖስታ ቤት 15 ቀን ያቆየዋል፣ ከዚያ ወደ ላኪው ይሄዳል።

የላዱዋ_ልጅ
ነጋሪት ያለው ሁሉ ልክ ነው። ስልክ ላይ የምጨምረው፦ "ሳን ዛንጋዥማን" የሚለውን፣ ማለትም የጊዜ ውል የሌለበትን ሲም ግዢ። ርካሽ የሚመስለው የ12 ወይም የ24 ወር ውል ሲሆን መውጫው ገንዘብ ያስከፍላል። የኢትዮ ቴሌኮም ሲምሽንም አትጣዪው፤ አገር ቤት ያለው ባንክሽ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በእሱ ነው።

ትርሲት_ሬን
ጤና መድኑን ልዘርዝረው፣ ብዙ ሰው "ኢንሹራንስ ግዛ" እየተባለ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። የፈረንሳይ መሠረታዊ ጤና መድን ለተማሪ ምዝገባው ነፃ ነው። የሚመዘገቡት አሜሊ (የጤና መድኑ ድረ ገጽ) ለውጭ ተማሪዎች ባዘጋጀው ገጽ ነው። የምታስገቢው ፓስፖርት፣ ቪዛ ከነማረጋገጫው፣ የትምህርት ማረጋገጫ፣ የልደት ምስክር ወረቀት እና ሪብ ነው። መጀመሪያ ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ልደቱ ከተጣራ በኋላ 15 አሃዝ ያለው ቋሚው ይመጣል። ከፈረንሳይ ውጭ የተወለደ ሰው ቁጥር መካከሉ ላይ 99 አለበት፤ "ቪታል" የምትባለው አረንጓዴዋ የጤና መድን ካርድ የምትታዘዘው ቋሚው ከመጣ በኋላ ነው። እስከዚያ "አቴስታሲዮን ደ ድሯ" የሚለውን ወረቀት ከገጹ አውርደሽ መታከም ትችያለሽ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አጠቃላይ ሐኪም 30 ዩሮ ያስከፍላል፤ መድኑ 70 በመቶውን፣ 21 ዩሮ፣ ያስብና 2 ዩሮ ቀንሶ 19 ዩሮ ይመልሳል። ይህ የሚሆነው ግን ቋሚ ሐኪም ("ሜድሳን ትሬታን") ካስመዘገብሽ ነው፤ ካላስመዘገብሽ የሚታሰበው 30 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪውን የሚሸፍነው "ሙቱዌል" የሚባለው ተጨማሪ መድን ነው፣ ግዴታ አይደለም። መነጽር የምታደርጊ ወይም ጥርስ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ግቢ፤ አለዚያ የመጀመሪያውን ወር ሳትገቢ አስቢበት። በየዩኒቨርሲቲው ያለው የተማሪዎች ጤና አገልግሎት በነፃ ያያል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም አለ፤ ኅዳር ላይ ቀኑ ሲያጥር ብዙዎች ያስፈልጋቸዋል።

ድንገተኛ ሲሆን ለሕመም 15፣ ለፖሊስ 17፣ ለእሳት 18፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ 112።

ዘቢደር_92
እኔ የክሩስ ክፍል አላገኘሁም፣ ከግለሰብ ልከራይ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ነኝ፣ ገንዘቡን ላክና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ይላል።

ጋሼ_ሞንፔሊዬ
ልጄ፣ አንድ ሳንቲም አትላክ። ይህ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ቤቱን አንተ ወይም የምታምነው ሰው ሳያየው፣ ውል ሳይፈረም ገንዘብ አይከፈልም።

እውነተኛ አከራይ ስታገኝ ዋስ ("ጋራን") ይጠይቅሃል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ገቢ ያለው። እንዲህ ያለ ዘመድ ከሌለህ "ቪዛል" የሚባል የነፃ ዋስትና አለ፤ ከ31 ዓመት በታች ያለ ተማሪ ይችላል። ዋናው ነገር የቪዛል ማረጋገጫው ውሉ ከመፈረሙ በፊት መውጣቱ ነው። ፈርመህ ከጨረስክ በኋላ ብትጠይቅ ዋጋ የለውም። የቤት ዕቃ ላለው ቤት የመያዣ ገንዘብ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ዕቃ ለሌለው 1 ወር ነው።

ቁልፍ ከመቀበልህ በፊት የቤት መድን ትገዛለህ፣ ማረጋገጫውን አከራዩ ይጠይቃል። ከዚያ "ኤታ ዴ ሊዩ" አለ፤ ቤቱ በምን ሁኔታ እንደተረከብከው የሚጻፍበት ሰነድ ነው። ተቻኩለህ አትፈርም። ቧንቧውን ክፈት፣ ማሞቂያውን አብራ፣ መስኮቱን ዝጋ ክፈት፣ የፍራሹን ቦታ ገልብጠህ እይ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጥቁር እርጥበት ፎቶ አንሳ። ያልተጻፈ ጉድለት ስትወጣ ያንተ ተደርጎ ከመያዣው ይቆረጣል። የረሳኸው ካለ በ10 ቀን ውስጥ እንዲጨመር በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለህ፤ ማሞቂያውን በሚመለከት ደግሞ የማሞቂያ ወቅት ከጀመረ 1 ወር አለህ።

መቅደላ_ዘአዲስ
የቤት ድጎማው ለክሩስ ክፍልም ይሠራል?

ነጋሪት_ሊል
ማመልከቻው የቤት ድጎማውን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ በካፍ፣ ድረ ገጽ ነው፣ ክሩስም ግለሰብም ይካተታል። የገባሽበት ወር አይከፈልም፣ ወደ ኋላ ተመልሶም አይታሰብም፤ ወረቀቱ ይሟላ ብለሽ ሁለት ወር ከጠበቅሽ ሁለቱ ወር ቀረ። አሁን ጀምሪ፣ የጎደለውን በኋላ ትጨምሪያለሽ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡና የክሩስ ስኮላርሺፕ ለሌላቸው ተማሪዎች ግን ሕጉ እየጠበበ ነው። የወር በጀትሽን ያለ ድጎማው ሠርተሽ ነይ፤ ቪዛው ላይ ያሳየሽው በወር 615 ዩሮ ለሊዮን ጠባብ ነው፣ ለፓሪስ ደግሞ በጣም ጠባብ።

ሥራን በሚመለከት፣ የተማሪ ፈቃድ በዓመት 964 ሰዓት ያሠራል። በመስከረም ግን አትቸኩዪ፤ የመጀመሪያው ወር የወረቀትና የክፍል ነው።

የላዱዋ_ልጅ
ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሁለት ምዝገባ አለው፤ ይህን ማንም በግልጽ አይነግርሽም። አስተዳደራዊው ምዝገባ የምትከፍዪበት፣ የተማሪ ካርድ የምትቀበዪበት ነው። ትምህርታዊው ምዝገባ ("አንስክሪፕሲዮን ፔዳጎዢክ") ደግሞ ኮርሶችሽንና የልምምድ ቡድንሽን የምትመርጪበት ነው፤ በፋኩልቲው ጸሐፊ ወይም በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ይደረጋል፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይከፈታል። የመጀመሪያውን ብቻ ጨርሶ የሚቀመጥ ሰው ፈተና ሲደርስ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ አይገኝም።

ትልልቆቹ ሌክቸሮች ("ሴ ኤም") ላይ ስም አይጠራ ይሆናል። በትንንሽ ቡድን የሚሰጡት ("ቴ ዴ") ላይ ግን መቅረት ይቆጠራል፤ ያለ ማስረጃ መቅረት "ዴፋያን" የሚል ምልክት ያሰጥሻል፣ ያኔ አማካይ ውጤት አይሰላልሽም። ማርክ ከ20 ነው፤ 10 ማለፊያ፣ 12 ደህና፣ 14 ጥሩ፣ 16 በጣም ጥሩ። 13 አይተሽ አትደንግጪ። አዲስ አበባ ሊሴ ገብረ ማርያም የተማሩ ልጆች ይህን ያውቁታል፣ ለሌላው ግን መቶኛ ስለለመድን አስደንጋጭ ነው።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቂ። ቀጠሮው የሚጻፈው በ24 ሰዓት ነው፤ 14፡30 ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ከኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ጀምሮ ሰዓታቸው አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከአዲስ አበባ ጋር የነበረው የ1 ሰዓት ልዩነት 2 ይሆናል።

ቢሮ ስትገቢ ደግሞ ጥያቄሽን ከመናገርሽ በፊት "ቦንዡር" በዪ። እዚህ አገር ይህ እንደኛ "እንደምን አደሩ" ነው፤ ዘለሽው ከገባሽ ፊት ይጠቁርብሻል፣ ፋይልሽም ከላይ ወደ ታች ይሄዳል።

ዘቢደር_92
ጾም ለምንጾም የተማሪ ምግብ ቤቱ ይሆናል?

ትርሲት_ሬን
የክሩስ ምግብ ቤቶች ሥጋ የሌለበት ሳህን በየቀኑ አላቸው። "ቬዤታሪያን" የሚለው ግን ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፤ ለጾም የሚሆነው "ቬጋን" ወይም "ቬዤታሊያን" የተባለው ነው። "ሳን ቤር፣ ሳን ሌ፣ ሳን ዘፍ" ብለህ ጠይቅ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። የሚከፈለው "ኢዝሊ" በሚባለው የክሩስ መክፈያ ሂሳብ ነው፤ የሚከፈተው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ስለሆነ ምዝገባ ሳያልቅ አይሠራም፣ እስከዚያ በባንክ ካርድ ክፈል። ስኮላርሺፕ ያለው ወይም የተቸገረ ተማሪ ምሳውን በ1 ዩሮ ያገኛል፤ መቸገሩን ለክሩስ ማኅበራዊ አገልግሎት ማመልከት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የጤፍ ዱቄት በ"ቢዮ" (ያለ ኬሚካል የበቀለ ምግብ በሚሸጡ) ሱቆች አለ፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ አይሆንም፤ የክሩስ ክፍል ብዙ ጊዜ 9 ካሬ ሜትር ነው፣ ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ አለው፣ ሕንፃውን በሙሉ ያስጮኸዋል። መሣሪያውን በጨርቅ መሸፈን ደግሞ ክልክል ነው። ቡናውን አገር ቤት ቆልተሽ ነይ።

መቅደላ_ዘአዲስ
በረራዬ ቅዳሜ ሌሊት ተነስቶ እሑድ ጠዋት ሻርል ደ ጎል ይደርሳል። ከዚያ ወደ ሊዮን እንዴት ልሂድ? ሁለት ሻንጣ አለኝ።

ነጋሪት_ሊል
ቀኑን ቀይሪው። የክሩስ መቀበያ ቢሮ ብዙ ቦታ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፤ ቁልፍ የሚሰጥሽ የለም፣ ሱቁም እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። መቀየር ካልቻልሽ መኖሪያውን አስቀድመሽ በኢሜይል ጠይቂ፣ ለአንድ ሌሊት ማረፊያም ያዢ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት መድረስ ከሁሉ ይሻላል።

ፓሪስ ከተማ መግባት አያስፈልግሽም። ኤርፖርቱ ውስጥ፣ ተርሚናል 2 ላይ፣ የፈጣን ባቡር ጣቢያ አለ፤ እስከ ሊዮን ፓር ዲዩ ጣቢያ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሚያርፍበትና ባቡሩ በሚነሳበት መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ተዪ። በሩ ከመነሻው 2 ደቂቃ በፊት ይዘጋል። በባቡሩ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣና አንድ የእጅ ቦርሳ ነው፤ ሻንጣው ከ70 በ90 በ50 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም፣ ሁሉም ላይ ስምሽ ይጻፍ። ከ27 ዓመት ካልበለጥሽ በዓመት 49 ዩሮ የሚገዛው የወጣቶች ካርድ ከባቡር ዋጋ 30 በመቶ ይቀንሳል፤ በሁለት ጉዞ ራሱን ይመልሳል። ላዱዋ ካምፓስ ከሆንሽ ከፓር ዲዩ ትራም ቲ1 ያደርስሻል።

ጋሼ_ሞንፔሊዬ
ስለ ሻንጣው ይዘት ልንገርሽ፣ ጉምሩክ ላይ የሚወሰደው ብዙ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው። ቋንጣ፣ ዓይብ፣ ንጥር ቅቤ፣ የዶሮ ወጥ ቢሆን እንኳ በፍሪጅ ደርቆ የመጣ፣ አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም፤ በፋብሪካ የታሸገና ስሙ የተጻፈበት ቢሆን ጥያቄ ይቀንሳል። ትኩስ ዕፅዋትና ፍራፍሬ የጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ጤና አዳምሽን እዚያው ተዪው። ጫት እዚህ በሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጠረው፤ ማንም ሰው "አድርሺልኝ" ብሎ ቢሰጥሽ አትቀበዪ። የማታውቂውን የታሸገ ነገር በአደራ አለመቀበልም ከዚሁ ጋር ነው።

መቅደላ_ዘአዲስ
ወደ ረቡዕ ቀየርኩት፣ ተመስገን። ጋሼ፣ እናቴ ቅቤውን አንጥራ ጨርሳለች፣ ምን ልበላት? ማሩስ ይገባል?

ጋሼ_ሞንፔሊዬ
ቅቤውን እናትሽ ጋ ይቆይ፤ እዚህ ጨው የሌለበት ቅቤ በየሱቁ አለ። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ደርቀው ስለሚገቡ እነሱን ጨምሪና እዚሁ ታነጥሪዋለሽ። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ፣ በሁለት ላስቲክ ጠቅልዪውና የሚጫነው ሻንጣ መካከል አስቀምጪው፣ የእጅ ቦርሳ ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል።

መቅደላ_ዘአዲስ
እሺ ጋሼ፣ ኮሰረቱን ዛሬ አስደርቃለሁ።